ክራቶም፦ ይታገድ ወይስ በቁጥጥር ሥር ይሸጥ?

ክራቶም ከቡና ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ በታይላንድ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የሚበቅል ዛፍ ነው። በደቡብ ታይላንድ ገበሬዎችና የጉልበት ሠራተኞች ድካምን ለመቋቋም ቅጠሉን ሲያኝኩ ኖረዋል። በጥቂቱ ሲወሰድ ያነቃቃል፤ ሲበዛ ያደነዝዛል፤ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል።

ታይላንድ ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1943 በሕግ ከለከለች። በቅጠሉ ምክንያት ብዙዎች ቢታሰሩም ልማዱ አልጠፋም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2021 ክራቶምን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣች። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሸጥ ደነገገ።

በአሜሪካ ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የቅጠሉን ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች ለማገድ ቢያቅድም፣ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ዕቅዱን ተወው። አላባማና አርካንሳስ ሽያጩን ሲከለክሉ፣ ዩታ እ.ኤ.አ. በ2019 በቁጥጥር ሥር ፈቀደች።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንዱን ንጥረ ነገር፣ ሰቨን-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒንን፣ ለይቶ ጥብቅ እገዳ እንዲጣልበት ሐሳብ አቀረበ። ንጥረ ነገሩ በቅጠሉ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ በፋብሪካ ተጠናክሮ በእንክብል ሲቀርብ ግን ሞርፊን በሚሠራበት መንገድ አንጎል ላይ ይሠራል።

የክርክሩ ቁልፍም ይኸው ነው፦ ገበሬው የሚያኝከው ቅጠልና በሱቅ የሚሸጠው እንክብል ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ ኃይላቸው የተለያየ ነው። በተለይ ከአልኮል ወይም ከማስታገሻ መድኃኒት ጋር መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል።