በትርና ምርኩዝ

በትርና ምርኩዝ ሁለቱም ከእንጨት ይቈረጣሉ፤ ነገር ግን በትር የሚያዘው ለሥልጣን ነው፥ ምርኩዝም ለድካም ነው። እንግሊዞችም ይህን ልዩነት «ሮድ» እና «ስታፍ» በሚባሉ ሁለት ቃላት ይለዩታል።

ሮድ ቀጭንና ቀጥ ያለ በትር ነው። ልጅ የሚቀጣበት አርጩሜ በዚህ ስም ይጠራል፤ የመሬት መለኪያም ሆኖ 16 ጫማ ተኩል አንድ ሮድ፥ 320 ሮድም አንድ ማይል ተብሎ ተቈጥሯል። ስታፍ ግን መንገደኛና ሽማግሌ የሚደገፉት ዘንግ ነው፤ ስለዚህ ኅብስትን የሕይወት ስታፍ ይሉታል።

ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን የታወቁት በዳዊት መዝሙር፥ እኛ 22ኛ እነርሱ 23ኛ በሚሉት ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አልጸኑም። በ14ኛው መቶ ዓመት በዊክሊፍ ስም በሚጠራው ትርጓሜ የፊተኛው ቃል «ያርድ» ነበር፤ ያርድ በዚያን ዘመን በትር ማለት ነበርና። ኋላ ግን ቃሉ ለሦስት ጫማ መለኪያ ሆነ። በ1535 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ኮቨርዴል የፊተኛውን ስታፍ፥ የኋለኛውን የእረኛ ቈልማማ ዘንግ አለው። በ1560 የወጣው የጄኔቫ መጽሐፍ ሮድና ስታፍ አለ፤ የ1611 የንጉሥ ያዕቆብ ትርጓሜም ይህንኑ አጸና።

እንግዲህ የሚመታ በትር እንዴት ያጽናናል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ በዕብራይስጡ ይገኛል። የፊተኛው ቃል «ሼቤጥ» ነው፤ በምሳሌ መጽሐፍ አባት ልጁን የሚቀጣበት በትር እርሱ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን በጎች አሥራት ሲወጣባቸው የሚያልፉት ከዚሁ በትር በታች ነው። ስለዚህ በትሩ የሚመታ ብቻ ሳይሆን የሚቈጥርም ነው፤ የተቈጠረ በግም ባለቤት አለው። የኋለኛው ቃል «ሚሽዔኔት» ሲሆን መደገፍ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ኤልሳዕ ለግያዝ የሰጠው ዘንግ ይኸው ነው።

በዚህስ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለዕብራይስጡ ይቀርባል፤ ምርኩዝ የሚለው ስም ራሱ «ተመረኰዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና። ግዕዙም በትርንና ቀስታምን ለይቶ አስቀምጧል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚተረጕም ሰው ግን ከእረኛው እጅ አንዱን ይወስድበታል፤ በትሩን ብቻ ቢተውለት በጉ ይፈራል፥ ምርኩዙን ብቻ ቢተውለት ደግሞ በጉን ከአውሬ የሚጠብቅበት ያጣል።