ከሰጋር በቅሎ እስከ ሹፌር፦ የሊማሊሞ መንገደኛ ማንን ያምን ነበር?

ከደባርቅ ወጥተው ወደ ሰሜን ጥቂት እንደሄዱ ደጋው በድንገት ያልቃል። ከፊት ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር የዛሪማ ቆላ ይታያል። ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሽሬና አክሱም የሚዘልቀው መንገድ ይህን ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት በሊማሊሞ ጥምዝምዞች ይወርደዋል። ሰው በሌለው መሪ ነፍስን አደራ መስጠት ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬ በሌላው ዓለም ጦፏል። በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ግን ማንን አምኖ ገደል እንደሚወርድ መምረጥ ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው።

መኪና ከመታሰቡ በፊት ሊማሊሞ የምጽዋና የጎንደር ንግድ በር ነበር። ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨው ጭኖ ይወጣል፤ ቡናና ሰም ጭኖ ይወርዳል፤ ኬላው ላይ ቀረጥ ይከፍላል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ዐቀበት ወጥቶ ነው።

ለዚህ መንገድ የምትመረጠው በቅሎ ነበረች። ፈረስ የጦርና የጉግስ ነው፤ ረጅም መንገድ ሲሆን መኳንንቱም፣ ወይዛዝርቱም፣ ካህናቱም በበቅሎ ይቀመጣሉ፤ የጦር ፈረሱ ባዶውን ይሳባል። ጥሩ ሰጋር በቅሎ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ የምታወጣውም በከንቱ አልነበረም። አፋፍ ላይ ሲደርስ መንገድ የለመደ ሰው ልጓሙን ያላላል፤ መርገጫዋን የምትመርጠው እሷ ናት፣ ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለችና። ይህ ትልቅ እምነት ነው። ሆኖም በቅሎዋ ብቻዋን አልነበረችም። ከኋላዋ ጭነቱን የሚያስተካክል፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ «ውረዱ» የሚል፣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ይከተላል።

መንኰራኩር ወደዚህ አገር የመጣው ዘግይቶ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ነበር፤ በኋላ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለመጎተት መንገድ ያስጠረጉት ግን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባውም በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አምጥቶት አፄ ምኒልክ ተሳፈሩበት። በቤተ መንግሥቱ መኪና የንጉሥ ደስታ ሆኖ ታየ።

በስሜን ታሪኩ ሌላ ነው። እዚህ መኪና የደረሰው ከወራሪ ጋር ነው። የሊማሊሞን ገደል ፈልፍሎ አስመራን ከጎንደር በመኪና ያገናኘው የኢጣሊያ ጦር ነበር፤ ዓላማውም ወታደርና ስንቅ ማመላለስ ነው። ከገደሉ አናት፣ ወልከፊት ላይ የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር የአስመራን መንገድ ዘግቶ ለወራት ቆየ። እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በሁለት ወሩ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደርም ወደቀች። መኪናን መጀመሪያ በጠላት እጅ ያየ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ወዳጅ ማድረጉ ሊደነቅ ይገባዋል።

ወዳጅ ያደረገውም ሹፌሩ ነው። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጥገናውን ያዘ። በመሪው ላይ የአገር ልጅ ተቀመጠ። በፊያት ካሚዮን ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር በከባድ ማርሽ ሞተሩን አፍኖ ይወርዳል እንጂ ፍሬን ላይ አይተኛም፤ ፍሬን ከጋለ አይዝምና። ረዳቱ ደግሞ ታኮውን ይዞ ይጠብቃል። መኪናው ዐቀበት ላይ ትንፋሽ ካጠረው ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ይሸጉጠዋል። የብዙ ሰው ሕይወት በዚያች ቁራጭ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ አርፏል። ለረዳቶቹ የሚገባቸው ክብር ተሰጥቷቸዋል ለማለት ይከብዳል። ተሳፋሪውም የመኪናውን ዓይነት ከመጠየቁ በፊት የሹፌሩን ማንነት ይጠይቃል፤ ከመስተዋቱ አጠገብ የማርያምንና የገብርኤልን ሥዕል ሲያይ ልቡ ይረጋጋል፤ ጥምዝምዙ ሲጀምር ያማትባል።

በቅሎም ሥራ አልፈታችም። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የስሜን ፓርክን ያቋቋመው ክላይቭ ኒኮል ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ስንቁን ያመላለሰው በበቅሎ ነበር። ዛሬ መኪና እስከ ቧሂት አፋፍ ይወጣል፤ ደባርቅ ላይ ግን በቅሎ ከነጫኟ አሁንም ትከራያለች።

ሹፌር የሌለው መኪናስ? በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ የዋይሞ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሹፌር በሌለው መኪና ሕዝብ ያሳፍራል። ያም ሆኖ የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት ከ100 ነጂዎች 61ዱ እንዲህ ባለው መኪና መሳፈር እንደሚፈሩ ተናግረዋል። በእኛ አገር አዲሱ የእምነት ፈተና የኤሌክትሪክ መኪናው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ገዢው ግን አሁንም መለዋወጫው ይገኛል ወይ፣ የሚያውቀው መካኒክ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ቶዮታ ለዘመናት የተወደደውም በዚሁ ነው። እዚህም የሚፈለገው ከዕቃው ጀርባ ያለው ሰው ነው።

የዋይሞ መኪና አስቀድሞ በዝርዝር በተነሳ ካርታ ይመራል። ሊማሊሞን ግን ክረምት በናዳ ይለውጠዋል፤ ጉሙ ከአፍንጫ ፊት አያሳይም፤ ከብትም ሳይታሰብ ይገባል። ይህን ችግር ቴክኖሎጂ አንድ ቀን ይፈታው ይሆናል። የሚከብደው ሌላው ነው። በዚህ አገር ሹፌር ሰው ከገደለ ከፍርድ ቤቱ ጎን ሽማግሌ ይላካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቅ ይወርዳል። ለዚያ ሁሉ ፊቱን የሚያሳይ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል። ሹፌር የሌለው መኪና ሲመጣ ሽማግሌው የሚጠራው ባለቤቱን ነው፣ ኩባንያውን ነው ወይስ ፕሮግራሙን የጻፈውን? ለዚህ መልስ ሳያገኝ የደባርቅ ሰው ቢያመነታ ኋላ ቀር ሊባል አይገባውም፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና ሕግ አውጪዎችም ገና እየተከራከሩበት ነው።