ስለ ፖላንድ የውስጥ አርበኞችና በቡግ ወንዝ ዳር ስለ ወደቀው ሮኬት የተጻፈ ዜና

በ1931 ዓ.ም. ነሐሴ 26 ቀን የጀርመን ጦር ፖላንድን ወረረ። መንግሥቱ ተሰደደ፤ በኋላም በለንደን ተቀመጠ። በአገር የቀረው ሕዝብ ግን በስውር ጦር አቋቋመ፤ ስሙም የአገር ቤት ጦር ተባለ። ከእነርሱም ጠመንጃ ይዘው ከሚዋጉት ሌላ ምስጢር የሚያወጡ ነበሩ፤ እኛ በጠላት ዘመን የውስጥ አርበኛ ያልናቸውን ይመስላሉ።

በነሐሴ 1935 ዓ.ም. እንግሊዞች ሮኬት የሚሠራበትን ፔኔሙንደን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ፥ ጀርመኖች መተኮሻውን በደቡብ ፖላንድ ወዳለችው ብሊዝና አዛወሩት። የሮኬቱም ርዝመት 14 ሜትር ነበር፤ ድምፁ ሳይሰማ ራሱ ይደርሳል። በወደቀበት ስፍራ ሁሉ አርበኞቹ ከወታደሮቹ ቀድመው ስብርባሪውን ለመልቀም ይሽቀዳደሙ ነበር።

ግንቦት 12 ቀን 1936 ዓ.ም. አንዱ በሳርናኪ አጠገብ፥ በቡግ ወንዝ ዳር ረግረግ ውስጥ ሳይፈነዳ ወደቀ። አርበኞቹም ሰወሩት። ፈላጊዎቹ አጥተውት ሲመለሱ አውጥተው ፈታቱት፤ ዋና ዋና ክፍሎቹንም ወደ ዋርሶ አሻገሩ። በዚያ ፕሮፌሰር ያኑሽ ግሮሽኮፍስኪ የሬዲዮውን ዕቃ መረመሩ፤ ፕሮፌሰር ማርቼሊ ስትሩሺንስኪም በሮኬቱ ውስጥ ከነበሩት ፈሳሾች አንዱ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ መሆኑን አወቁ። ሥራውን ያስተባበረው መሐንዲስ አንቶኒ ኮትስያን ነበር። እርሱም ከጦርነቱ በፊት ሞተር አልባ አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ፥ በአውሽቪትስ ታስሮ የወጣ፥ ከወጣም በኋላ በስውሩ ጦር የሠራ ጀግና ነው። ግንቦት 24 ቀን ዳግመኛ ተያዘ።

ስለዚህ በእርሱ ፈንታ ዕቃውን ወደ ለንደን ይዞ የሚሄደው ዬዢ ህሚየሌፍስኪ ሆነ። ሐምሌ 18 ለ19 አጥቢያ፥ ከጣሊያን ብሪንዲዚ የተነሣች ዳኮታ አውሮፕላን በታርኑፍ አካባቢ ሜዳ ላይ አረፈች። አብራሪው የኒውዚላንዱ ከሊፎርድ፥ ረዳቱ ፖላንዳዊው ሽራየር ነበሩ። ዕቃውና ተሳፋሪዎቹ ተጭነው ሊነሡ ሲሉ ጎማዎቿ በጭቃ ሰጠሙ። የጀርመን ወታደሮችም ሩቅ አልነበሩም። ፍሬኑ የያዛት መስሏቸው የፍሬኑን ቱቦ ቆረጡ፤ አልሆነም። በሜዳው የነበሩት አርበኞች ጭቃውን በእጃቸው ማሱ፤ ሳንቃም ከጎማው ሥር ረበረቡ። አውሮፕላኗን አቃጥሎ ስለመተውም ተመከረ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ተነሣች፤ ብሪንዲዚም ያለ ፍሬን አረፈች።

ሐምሌ 21 ቀን ዕቃው ለንደን ገባ። በአራተኛው ቀን ዋርሶ በጀርመኖች ላይ ተነሣች። ኮትስያን ግን በፓቪያክ እስር ቤት ነበር፤ ነሐሴ 7 ቀን በዚያው ረሸኑት።