የስውር ቃል መክፈቻ

የቅኔ ተማሪ እንደ እንቆቅልሽ የተሰወረ ቃል በገጠመው ጊዜ ፍቺውን የሚጠይቀው ከመምህሩ ነበር፤ ግሱ በብራና ተጽፎ ቢገኝም እንኳ ዋናው መዝገብ የመምህሩ ልብ ነበረና። በአውሮፓ የታተሙት የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ይኸውም የሉዶልፍ በ1661፣ የዲልማን በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጡት፣ ፍቺያቸው በላቲን ስለ ሆነ ለኢትዮጵያ ተማሪ መክፈቻው ራሱ ሌላ መክፈቻ የሚሻ ሆነበት።

ግእዙን በአማርኛ የሚፈታውን መጽሐፍ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ሳይፈጽሙትም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በዐደራ ተላለፈ። እርሳቸውም ብዙ ዘመን ደክመውበት፣ መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት፤ ስሙም «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተባለ።

የመጽሐፉ አፈላለግ ራሱ ትምህርት ነው። የፊደሉ ተራ በ«አበገደ» እንጂ በ«ሀለሐመ» አይደለም፤ ዘሩም በግሱ ሥር ይገኛል። «መዝገብ» የሚለውን ቃል የሚሻ ሰው በ«መ» ተራ ቢደክም በከንቱ ነው፤ ባዕድ መነሻውን «መ»ን አንሥቶ ወደ «ዘገበ» መሄድ ይገባዋል። እንዲህም ሲሆን ፍቺውን ከማግኘቱ አስቀድሞ የቃሉን ትውልድ ያውቃል።

እነሆ፣ አንባቢ ገጽ ገልጦ በቅጽበት የሚያገኘው ፍቺ የሦስት ሊቃውንት ድካም ነው። ከተከታዮቹ አንዱ ዐደራ በል ቢሆን ኖሮ፣ የቀደሙት ልፋት ከነርሱ ጋራ በተቀበረ ነበር።