የጫማ ቀለም ቆርቆሮና የልብ ባትሪ

ሰው ድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የቆየ ልማዳችን ነው። የሚጥል በሽታ ነው ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። አንዳንዱን ግን የሚጥለው ልቡ ነው፤ ምቷ ይዘገያል፣ ለአፍታም ቀጥ ትላለች።

ስዊድናዊው አርነ ላርሰን በ43 ዓመቱ የገጠመው ይኸው ነበር። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ መልእክት እየተቋረጠበት በቀን 20 እና 30 ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ባለቤቱ ኤልሰ ማሪ ስቶክሆልም አጠገብ ባለው የካሮሊንስካ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙን ኦኬ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን ወጥራ ያዘች። የልብን ምት የሚያስተካክል፣ ለሰው የሚሆን መሣሪያ ገና የለንም ቢሏት፣ ሥሩልኝ ብላ አልላቀቅ አለች። ታሪኩ ሁለቱን ወንዶች ያወድሳል፤ እኔ ግን ግማሹን ምስጋና ለእሷ እሰጣለሁ።

ኤልምክቪስት ትራንዚስተሮቹንና ባትሪውን በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ፕላስቲክ አፈሰሰባቸው። አዎ፣ ከሊስትሮ ሳጥን የማይጠፋው ዓይነት ቆርቆሮ! መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. የተተከለው ይህ ፔስሜከር (የልብ ባትሪ) ከሰዓታት በኋላ ቆመ፤ ተለዋጩም ብዙ አልቆየም። ላርሰን ግን በየጊዜው እየተቀየረለት 26 ያህል መሣሪያ ተጠቅሞ በ1994 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ አረፈ። ሐኪሙም መሐንዲሱም ቀድመውት ሞተዋል፤ እሱን የገደለውም ካንሰር እንጂ ልቡ አይደለም።

የቀድሞዎቹ ባትሪዎች በሁለት ዓመት ገደማ ያልቁ ነበር። አሜሪካዊው ዊልሰን ግሬትባች በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሊቲየም ባትሪ ካስገባ ወዲህ ዕድሜያቸው ረዘመ፤ ዛሬ አሥር ዓመት የሚደርሱ አሉ። ለማስቀየር የሚደረገው ምልልስ ስለሚቀንስ፣ ይህ ለደቡብ ኦሞ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ከሐመር መንደር ጂንካ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው፤ ከጂንካ በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርጎ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ መርጃ ድርጅት ለዓመታት ሲለፋ ቆይቶ፣ የልብ ሕክምና ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው በዋናነት የሚተከለውም እዚያው አዲስ አበባ ነው።

ከመንገዱ በፊት ግን በሽታው መታወቅ አለበት። ደጋግሞ የሚወድቅ ዘመድ ያላችሁ፣ ክብሪቱን ትታችሁ የእጁን ትርታ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ40 በታች ከሆነ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ባይሆንም የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ እንዲነሣ ጠይቁ።