የጭራ ባሌስትራ

አውሮፕላን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ አብዝቶ ያነብባል፤ ከጭራው ሥር የሚታሰረውን ብረት የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ሥራው ሲገባደድ ነው። «ቴይልዊል ስፕሪንግ» የሚባለው ይህ ብረት ትንሹን የኋላ ጎማ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ያያይዛል፤ የጭራውን ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ምቱ ወደ አካሉ ከማለፉ በፊት እየተለመጠ ይቀበለዋል። በአማርኛ «የጭራ ባሌስትራ» ቢባል ይስማማዋል።

«ሞላ» ያላልነው በምክንያት ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞላ የሚባለው የተጠማዘዘው ሽቦ ነው፤ ተደራርቦ የሚታሰረው ዝርግ ብረት ደግሞ ባሌስትራ ነው። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ መኪኖችን የሚጠግን የደብረ ብርሃን መካኒክ ሁለቱን አያምታታም። የጭራ ጎማ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ሲሆን፣ አብራሪው መሪውን በእግሩ ሲገፋ ጎማውን የሚያዞሩት በግራና በቀኝ የተወጠሩ ሁለት ትንንሽ ሞላዎች ናቸው። እነዚህን «የመሪ ሞላ» ብንላቸው ዕቃ የሚያዝዝም ሆነ የሚጠግን ሰው አይሳሳትም።

ጭራውን መሬት ላይ አሳርፎ የሚቆም አውሮፕላን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ነበረች፤ ጣሊያን ወስዷት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47ም የኋላ ጎማ ነበረው። ያው አየር መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ «እሸት» ብሎ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠመው የእርሻ መድኃኒት ርጭት አውሮፕላንም የዚሁ ወገን ነው። በግል ጥረት ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የሠራትን ኬ-570ኤን በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ አውጥቷል። እንግዲህ በዚህ አገር አውሮፕላን በእጅ መሥራት የሚያስብ ሰው አለ፤ ነገም ይኖራል፤ ስለዚህ ትንሹ ዕቃ ሳይቀር በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

የባሌስትራ ምርጫ ከሚዛን ይጀምራል። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ሲቆም ከክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ጭራው ላይ ያርፋል። 400 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ግን ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ለባሌስትራ አይበቃም። ነዳጁ ተሞልቶ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው፣ ከመቀመጫ ኋላ የሚጫነው ዕቃ ተጭኖ ጭራው ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት። የኋላ ዕቃ ጭራውን እንዴት እንደሚያከብደው ያኔ ይታያል።

ሚዛኑ ከታወቀ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው፤ በሒሳቡ ውስጥ ከሁሉም የሚበረታው ውፍረት ነው። ስፋት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱም እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ግን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይደርሳል። ከ6 ወደ 7 ሚሊሜትር ማለፍ እንኳ ግትርነቱን በ60 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ለምሳሌ 38 ሚሊሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረትና ከእስሩ ወዲያ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አንድ ነጠላ ብረት 30 ኪሎ ሲያርፍበት 19 ሚሊሜትር ያህል ይለመጣል። በከባድ ማረፍ ጊዜ ጭነቱ 3 እጥፍ ቢሆን መለመጡ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ብረቱም ሊሸከመው ከሚችለው ጫፍ አጠገብ ይደርሳል። ሁለት ብረት ቢደራረብ ግን በቆመበት 10 ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ይለመጣል፤ በ3 እጥፍ ጭነትም ከጫፉ ርቆ ይቆያል። በተጨማሪ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የመንጠሩን ጉልበት ይበሉታል፤ ጭራው ደጋግሞ እንዳይዘል የሚያደርገው ይኸው ፍትጊያ ነው። እኔ ለጀማሪ ሠሪ የምመርጥለት ለዚህ ነው፤ አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ይሁን።

የፒክአፕ ባሌስትራ ቆርጦ መግጠም የሚያጓጓ ቢሆንም አልደግፈውም። መኪናው ጀርባ ላይ ለሚጫን ከባድ ዕቃ የተበጀ ስለሆነ ለ30 ኪሎ ጭራ ግትር ነው፤ ሳይለመጥ ምቱን እንዳለ ወደ አካሉ ያሳልፈዋል፤ የሚሰነጠቀውም የአውሮፕላኑ የኋላ አጥንት ይሆናል። ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም። በ400 ኪሎ አውሮፕላን ላይ ከሚዛን ማዕከሉ 4 ሜትር ወደ ኋላ የሚታሰር 1 ኪሎ ትርፍ ብረት ማዕከሉን 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

እዚህ ላይ የሚበረርበትን ቦታ ማንሣት ግድ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ የአውሮፕላን ንድፍ ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል ቅርብ የሆነ ሜዳን ያስባል፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥኖ መሄድ አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መሬት የሚነካ አውሮፕላን ደብረ ብርሃን ላይ በ69 ኪሎ ሜትር ግድም ይነካል። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ግን ያንኑ 60 ነው፤ መለኪያውም የሚሠራው በዚያው ሳሳ ባለ አየር ነውና። ፍጥነቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ጎማው ይዞት የሚሮጠው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ልዩነቱ ይብሳል። የጭራ ጎማውም በጣም ትንሽ ነው፤ በበጋ የመረሬ መሬት ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ለመግባት አይቸገርም፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይይዘዋል። ወደ አንኮበር በኩል ገደሉ ዳር ደግሞ ነፋሱ አቅጣጫውን ቶሎ ይለዋውጣል፤ ነፋስ ከጎን ሲገፋ ባሌስትራው ወደ ላይና ወደ ታች መለመጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይጠመዘዛል። ጠባብና ረጅም ብረት ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሠራ ሰው ንድፉ ላይ ያለውን ውፍረት ከማሳደግ ይልቅ ስፋቱን ትንሽ ቢጨምር፣ ጎማውንም ንድፉ ከሚለው ተለቅ ያለ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ፍጥነት ሌላም ጣጣ ያመጣል፤ የጎማ መንዘፍዘፍ። ጎማው በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት ግራና ቀኝ በኃይል መምታት ይጀምርና አውሮፕላኑን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ ካልቆመ ቡሎን ይቆርጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጎማውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባሌስትራው ነው። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ አውሮፕላኑ ተጭኖ ሲቆም ቀጥ ያለ፣ ወይም አናቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት። ባሌስትራው ሲያረጅ ቅስቱ ይረግባል፤ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል፤ የዘንጉም አናት ወደ ፊት ይዘምማል፤ ያኔ መንዘፍዘፉ ይመጣል። በሙሉ ጭነት የዘንጉን አቋም በቱንቢ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ባሌስትራ ሲመረጥም ቅስቱ የሚለካው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጭነቱ ሲያርፍበት ነው።

የረገበ ባሌስትራ ወደ አንጥረኛ ወስዶ በእሳት መልሶ መቀሰት ለማረሻና ለማጭድ ይሠራል፤ ለአውሮፕላን ግን አደገኛ ነው። የባሌስትራ ብረት መለመጥና መመለስ የሚችለው በልዩ ሙቀት ተግሎ፣ በዘይት ድንገት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ስለተሞቀ ነው። ምድጃ ውስጥ ሲቀላ ያ ጠባይ ይጠፋል፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ለስልሶ ተጣሞ ይቀራል። ብየዳም ያንኑ ያደርጋል። ቀዳዳ መብሳትም ቢሆን ብረቱ በጣም በሚጨነቅበት በእስሩ አጠገብ ከሆነ ስንጥቅ ይጀምርበታል። ከመብሳት ይልቅ ዙሪያውን በሚያቅፍ ማሰሪያ መያዝ ይሻላል፤ ጠርዞቹ በሞረድ ይለስልሱ፤ በብረቶቹ መካከል ግራሶ ይቀባ። በየጊዜውም ማሰሪያው ተፈትቶ ብረቶቹ ይታዩ።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ክብ የብረት ዘንግ ቀላልና ንጹሕ ነው፤ የኋላ ጎማ ያላቸው ብዙዎቹ ቫንስ አርቪ አውሮፕላኖች ይጠቀሙበታል። ከፋይበርግላስ የሚሠራም ይገኛል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሲያረጁ ግን እዚህ መተኪያቸውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ተደራራቢው ብረት ግን አንዱ ሲያረጅ አንዱ ብቻ ይለወጣል።

የበረራ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነውና ባሌስትራው ከየት እንደተገዛ፣ ምን ብረት እንደሆነና ስንት ኪሎ እንደተጫነበት መዝገብ ይያዝለት። አውሮፕላን እየሠራችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ባሌስትራውን ከመግዛታችሁ በፊት ጭራውን ሚዛን ላይ አስቀምጡት።