ከጠረጴዛ ማስነሳት፦ ካዚኖና ካርታ ቆጣሪ

«ባክ ኦፍ» የአሜሪካ ካዚኖዎች የሥራ ቃል ነው። አንድን ተጫዋች ሳይከሱ፣ ያሸነፈውንም ገንዘብ ሳይነኩ ከብላክጃክ ጨዋታ ማውጣት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በትሕትና ይፈጸማል። የወለሉ ኃላፊ ጠጋ ይልና «ጌታዬ፣ ጨዋታዎ ለእኛ ከበደን። ሌላ የፈለጉትን ይጫወቱ፤ ብላክጃክ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብን» ይላል። ሰውየው አላጭበረበረም። የወጡትን ካርታዎች በልቡ ቆጥሯል፣ በቃ። ላስ ቬጋስ ውስጥ በካዚኖ የሚሠሩ ሐበሾች ብዙ ስለሆኑ ቃሉ ለእነሱ እንግዳ አይሆንም። እኔ «ከጠረጴዛ ማስነሳት» ብዬዋለሁ፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩት ነገሩ ከተብራራ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሩሌት ላይ ያለፈው ዙር ስለሚመጣው ምንም አይናገርም። በብላክጃክ ግን የወጣ ካርታ እንደገና እስኪበወዝ ድረስ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ የወጣውን የያዘ ሰው የቀረውን ይገምታል። የቀሩት በብዛት አሥሮች፣ የሥዕል ካርታዎችና አሶች ከሆኑ ዕድሉ ወደ ተጫዋቹ ያጋድላል። በሁለት ካርታ 21 የመምታት ዕድሉ ይጨምራል፤ አዳዩም ድምሩ 17 እስኪሞላ ካርታ እንዲጨምር ደንቡ ስለሚያስገድደው ከ21 አልፎ የመውደቅ ዕድሉ ይሰፋል።

ይህን በሒሳብ አስልቶ ለሕዝብ ያደረሰው ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ ምሁር ነው። ኤምአይቲ ሳለ በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ያሰላውን እ.ኤ.አ. በ1962 «ቢት ዘ ዲለር» በተባለ መጽሐፍ አሳተመ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ «ሃይ ሎ» ይባላል። ከ2 እስከ 6 ያሉት ሲወጡ አንድ ይደመራል፣ ከ7 እስከ 9 ያሉት ይታለፋሉ፣ አሥር፣ የሥዕል ካርታ ወይም አስ ሲወጣ አንድ ይቀነሳል። ድምሩ ገና ባልወጡት የካርታ እሽጎች ብዛት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከፍ ሲል ቆጣሪው መደቡን ያበዛል። ይህ የሊቅ ጭንቅላት አይጠይቅም። የሚከብደው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ለሰዓታት አለመሳሳቱ ነው። ትርፉም በፊልም እንደሚታየው አይደለም፤ ጎበዝ ቆጣሪ ከሚመድበው 100 ዶላር በአማካይ 1 ዶላር ገደማ ቢያተርፍ ነው፤ እሱም ብዙ ሌሊት እየተበላ።

ታዲያ ካዚኖው ጨዋታውን ለምን አይለውጠውም? ለውጦ አይቶታል። በ1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በቶርፕ መጽሐፍ ደንግጠው መደብ እጥፍ ማድረግንና ጥንድ ካርታ መክፈልን የሚገድብ ደንብ አወጡ። ተራው ተጫዋችም ከቆጣሪው ጋር ጠረጴዛውን ጥሎ ስለሄደ በሳምንታት ውስጥ የድሮውን ደንብ መለሱ። መጽሐፉም ውሎ አድሮ ለቤቱ ሲሳይ ሆነለት፤ ቁማሩ እንደሚበላ አንብቦ ከጎረፈው ሰው አብዛኛው ቆጠራውን አልቻለበትም። ስለዚህ ቆጣሪ የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ካዚኖውን ይጠቅመዋል፤ የሚጎዳው ያ ሰው መጥቶ እሱ ዘንድ ሲቀመጥ ነው። ባክ ኦፍ ይህን ችግር ይፈታል፦ ጨዋታው እንዳለ ይቆያል፣ ሰውየው ብቻ ይነሣል።

ለማስነሳት በመጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። ቆጣሪን የሚያጋልጠው ካርታውን ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚለው መደቡ ነው። በ1970ዎቹ አል ፍራንቼስኮ የተባለ ቆጣሪ ይህን ለመሸወድ ቡድን አቋቋመ። አባላቱ በየጠረጴዛው ትንሽ እየመደቡ ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው ሲያምር ምልክት ይሰጡና ሀብታም መሳይ ባልደረባቸው ድንገት መጥቶ በትልቁ ይመድባል። ካዚኖዎቹ በበኩላቸው ግሪፊን ከሚባል የምርመራ ድርጅት የቆጣሪዎችን ፎቶ ከአጭበርባሪዎች ጋር የደባለቀ መዝገብ ይገዙ ነበር። ድርጅቱ ሁለት ተጫዋቾች በስም ማጥፋት ከስሰው ከረቱት በኋላ በ2005 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቁማርተኛ ስለ ስሙ ተሟግቶ መርታቱን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት በገዛ ጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ ከ1985 ወዲህ ወንጀል የሆነው በመሣሪያ ታግዞ መቁጠር ነው። ካዚኖው ግን የግል ንብረት እንደመሆኑ ያልፈለገውን ተጫዋች ማስነሳት ይችላል። ከጨዋታው መነሣት አንድ ነገር ነው፣ ከግቢው መታገድ ሌላ። ግቢውን እንዳይረግጥ ተነግሮት ሳለ ተመልሶ የተገኘ ሰው በሕገወጥ መግባት ይከሰሳል፤ ክሱ ቆጠራውን አይነካም።

ኒው ጀርሲ ባለችው አትላንቲክ ሲቲ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የፓሲፊክ አክሲዮን ገበያን የኃላፊነት ሥራ ትቶ ቆጣሪ የሆነው ኬን ዩስተን፣ ያስነሳውን ሪዞርትስ የተባለውን ካዚኖ ተሟገተ። በ1982 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካዚኖ ሰውን ቆጣሪ ስለሆነ ብቻ ሊከለክል እንደማይችል ወሰነ። በሕጉ ረገድ ዩስተን ልክ ነበር ባይ ነኝ። ሆኖም ማስነሳት የተከለከሉት ቤቶች ወደ ጨዋታው ዞሩ፤ እሽጎቹን አበዙ፣ ቆጣሪ የመሰላቸው ሲቀመጥ ቶሎ ቶሎ መበወዝ ጀመሩ። ብወዛው ከጎኑ የተቀመጠውን ምንም የማያውቅ ቱሪስት ጭምር ያሰለቻል። ኔቫዳ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚሸከመውን ጣጣ እዚህ ጠረጴዛው በሙሉ ተካፈለው።

አሁን ወደ ትርጉሙ። «ማባረር» አይሆንም፤ የተነሣው ሰው ራቱን በልቶ፣ ክፍሉ ተኝቶ፣ ሩሌት ተጫውቶ ሊያድር ይችላል። «እገዳ» የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል፣ ከግቢ መከልከሉን ለመጥራትም ያስፈልገናል። «ማስነሳት» ግን ድግስ ላይ ክቡር እንግዳ ሲመጣ «አንዴ ተነሣልኝ» እንደሚባለው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ያስቀይማል፣ ወንጀልም አያሸክምም። ሰውየውን «ተነሺ» እንዳንለው አዲስ አበባ ላይ «የልማት ተነሺ» ቀድሞ ስለያዘው «ከጠረጴዛ የተነሣ» ይበቃናል። መደቡን ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ ተነግሮት የሚቀመጥም አለ፤ እሱ «መደቡ የታሰረ» ቢባል ያስኬዳል።

ቃሉ ከዚህም ሰፋ ላለ ነገር ይሆናል። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለው ባሮና ካዚኖ የብላክጃክ ዝነኞችን ማኅደር ያስተናግዳል፤ ቶርፕ፣ ፍራንቼስኮና ዩስተን ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች መካከል ናቸው። የተመረጠ ሰው በባሮና ክፍል፣ ምግብና መጠጥ ዕድሜ ልኩን በነፃ ያገኛል። በምላሹ የሚገባው ግዴታ አንድ ነው፦ በባሮና ጠረጴዛዎች ላይ ፈጽሞ ላይጫወት። ይህንን «በስምምነት መነሣት» ልንለው እንችላለን።